ሳይቀመጥ የለመነኝ አሰልጣኝ

አርጀንቲናዊውን ያወቅሁት በኤሲ ምክንያት ነው። ሌክ ሃይላንድስ ያለው አፓርትማችን ውስጥ ኤሲው፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ በሐምሌ አጋማሽ ቀጥ አለ። ዳላስ ውስጥ በሐምሌ ሙቀት ኤሲ ሲበላሽ ሰው ዘመድ ቤት ይሰደዳል፤ ባለቤቴ ልብስ በሻንጣ ስትከት እኔ የአፓርትማው ኦፊስ ደውዬ እጮህ ነበር። ከሰዓት በኋላ መሰላል የተሸከመ፣ ፀጉሩ ወደ ኋላ የሸሸ፣ ረጅም ሰውዬ በሩን አንኳኳ። የአፓርትማው ጥገና ሠራተኛ ነው። ገባ፤ ኤሲውን ግን ዞር ብሎም አላየው። ዓይኑ በረንዳው ላይ ቀረ። እዚያ የበረኛ ጓንቴን አጥቤ ፀሐይ ላይ አስጥቼው ነበር።

መሰላሉን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ወደ በረንዳው ወጣ። ጓንቱን አንስቶ አሸተተው። መዳፉን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «ማነው ይህን ፀሐይ ላይ ያሰጣው?» አለኝ። እንግሊዝኛው የእኔን ያህል የተሰባበረ ስለሆነ በደንብ ተግባባን።

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ዓመት በረኛ ነበርክ?»

«ሃያ። አሁንም ነኝ።»

«እንግዲያው ሃያ ዓመት ጓንት ስትገድል ኖረሃል።»

ለካ የበረኛ ጓንት መዳፉ ላስቲክ ስለሆነ ፀሐይ ይሰነጣጥቀዋል። የሚደርቀው ጥላ ውስጥ ነው፤ ከጨዋታ በፊት ደግሞ ውሃ ይነካል። ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ጓንቴ፣ ኤሲ ሊሠራ የመጣ ሰው ሲያስተምረኝ ደሜ ፈላ። ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ፤ አልደብቅም። «ኤሲው በዚህ በኩል ነው» አልኩት። ሳቀብኝ። ኤሲውን በሃያ ደቂቃ አስነሳው፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን ስለ በረኝነት አወራን። ባለቤቴ ሻንጣውን እየፈታች «ሰውዬው ሥራ የለውም እንዴ?» ትለኛለች በአማርኛ። እሱ ያመሰገነችው መስሎት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ዝቅ አደረገላት።

ታሪኩን በአንድ ቀን አልነገረኝም። መሰላል ላይ ቆሞ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ አንዳንዴም የጎረቤት ቧንቧ እየፈታ ቁራጭ ቁራጩን ነገረኝ፤ የገጣጠምኩት እኔ ነኝ። የተወለደው ዙሪያዋ ስንዴ በሆነ አንዲት ትንሽ የአርጀንቲና ከተማ ነው። አባቱ ሥጋ ሻጭ ነበር። ልጅ ሆኖ የሚጫወተው አጥቂ ነበር። አንድ ቀን የቡድኑ በረኛ ታሞ ሲቀር አባቱ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ «እጅህ ትልቅ ነው፤ አንተ ግባ» አለው። ገባ፤ እስከ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱም አልወጣም።

ታላቅ በረኛ ነበር ብዬ አልዋሽም፤ እሱም አይልም። ሦስተኛ ዲቪዚዮን ተጫወተ፤ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ተጫወተ። አንደኛ ዲቪዚዮን ውስጥ በሕይወቱ የቆመው አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። የዋናው በረኛ ጣት ተሰብሮ ከእረፍት ሳይመለስ ሲቀር ተጠባባቂው እሱ ነበር። አንድ ገባበት፤ አንድ ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ። ያችን ግማሽ ጨዋታ ስንት ጊዜ እንደተረከልኝ እንጃ። የቅጣት ምቷ አንዴ በቀኝ ትመጣለች፣ አንዴ በግራ። «ባለፈው በቀኝ ነው ያልከኝ» ስለው «ቼ፣ ዋናው መዳኗ ነው» ይለኛል። «ቼ» የሚላት ቃል እኛ «ስማ» እንደምንለው ነች፤ ያለ እሷ አረፍተ ነገር አይጀምርም።

ጓንቱን ከሰቀለ በኋላ አሰልጣኝ ሆነ። ያሳደገውን ክለብ ለአሥራ አንድ ጨዋታ ይዞ ተባረረ። ሌላ ክለብ ይዞ ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን ለመውጣት አንድ ነጥብ ጎደለው። በመጨረሻ የከተማውን የሴቶች ቡድን ያዘ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የሳቅሁበት ጊዜ የለም ይላል። ልጁ አግብታ እዚህ ዳላስ አጠገብ ሪቻርድሰን ስትኖር የልጅ ልጁን ሊያይ ለሦስት ወር መጣ፤ እዚሁ ቀረ። ቀን ቀን ኤሲና ቧንቧ ይጠግናል። እሁድ ግን ሥራ አልነበረውም፤ ያለ ጨዋታ እሁድን እንዴት እንደሚያሳልፍ አያውቅም። የነገረኝ ይህን ሁሉ ነው። ጨዋታ ያቆመበትን ቀን ስጠይቀው ግን ወሬውን ወደ ኤሲ ይመልሳል።

እኛ ደግሞ እሁድም ቡድንም ነበረን፤ አሰልጣኝ ብቻ አልነበረንም። ግማሾቻችን ኤርፖርት የምንሠራ፣ ግማሾቹ ታክሲ የሚነዱ፣ የቀሩት በዲቪ ሎተሪ መጥተው ሜስኪት የሚባለው ከተማ ተከራይተው ዌርሃውስ፣ መጋዘን ሥራ፣ የገቡ ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ፓርክ ውስጥ እንገናኛለን። ቡድኑን የመሠረትኩት እኔ ነኝ፤ ሜዳውን ሪዘርቭ የማደርገው እኔ ነኝ፤ መረቦቹና ኳሶቹ የሚያድሩት እኔ መኪና ውስጥ ነው። ዕድሜዬ ሃምሳን ሊነካ ነው። አብዛኞቹ «ጋሼ» ይሉኛል፤ ቅብብል ውስጥ እንኳ «ጋሼ፣ ይልቀቋት!» እያሉ ነው የሚጮሁት። ጎሉ የእኔ ነበር። እንዲህ ይሁን ብሎ የጻፈ የለም፤ የተከራከረም የለም።

ጎሉ ለእኔ ምን እንደነበረ በግልጽ ልናገር፤ አለዚያ የሠራሁት ሁሉ እብደት ይመስላል። ስድስት ቀን ኤርፖርት ውስጥ ሻትል፣ የመኪና ማቆሚያውን ሰው የሚያመላልስ አውቶብስ፣ እነዳለሁ። ከማቆሚያው ወደ ተርሚናሉ፣ ከተርሚናሉ ወደ ማቆሚያው። ሰው ይወጣል፣ ሰው ይወርዳል፣ ሁሉም የሚያየው ስልኩን ነው። እሁድ ግን ሁለት ቋሚ መካከል ስቆም አሥር ሰው ጀርባውን ለእኔ አምኖ ይሰጣል። «ከጎሉ ብወጣ እሁድ ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ በመጣብኝ ቁጥር ሬድዮ እከፍት ነበር።

አርጀንቲናዊውን ወደ ቡድኑ ያመጣሁት በገዛ እጄ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጨዋታ ሙሉ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አየ። ሲያልቅ የጠርሙስ ክዳኖች ከኪሱ አውጥቶ የመኪናዬ ኮፈን ላይ ደረደራቸውና ስሕተታችንን አንድ በአንድ አሳየን። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ሲናገር አይራራም። አንዱን ተከላካያችንን «ይህ ሰው የሚሮጠው ፍሪጅ ተሸክሞ ነው» ሲለው እኔ «ኮቹ ትንሽ ፈጠን በልልኝ ይልሃል» እላለሁ። አጥቂያችንን «ኳስ አቀብል እንጂ እናትህ ብቻህን ነው የወለደችህ?» ሲለው «ሕብረት አይለየን ነው የሚልህ» እላለሁ። ወራት ሙሉ የእሱን እሾህ እየለቀምኩ ማር አድርጌ አቀረብኩ። ልጆቹ «ኮቹ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው!» አሉ። ማሸነፍም ጀመርን። የት መቆም እንዳለብን ገባን፤ ጨዋታ ሳያልቅ እርስ በርስ መጣላት ተውን። ሜዳ ዳር ሰው ወንበር ይዞ እየመጣ ያየን ጀመር። ዓመቱን ሙሉ ደስታ በደስታ ሆንን።

አንድ እሁድ ስናሟሙቅ ኳስ አቅጣጫ ስታ በአየር መጣች። ግራ ተከላካያችን፣ ያን ጊዜ ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው የሜስኪት ልጅ፣ ከአንዱ ጋር እያወራ ሳያያት በአንድ እጁ ቀለባት። አርጀንቲናዊው የያዘውን ክዳን ጣለ። «ጠይቀው፤ ምንድነው የሚጫወተው?» አለኝ። ጠየቅሁት። ልጁ መሬት መሬት አየ።

«ማለቴ... አገር ቤት በረኛ ነበርኩ። ክለብ ነበረኝ።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገርከንም?»

«ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ?» አለ፤ ጥያቄዬ ራሱ አሳፈረው።

ይህን ለአርጀንቲናዊው ስተረጉም ድምፄ ቀነሰ። ስምንት ወር ሙሉ አንድ በረኛ ለእኔ ብሎ ግራ ተከላካይ ሆኖ ተጫውቷል። አርጀንቲናዊው ልጁን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ።

በዚያ በጋ የአካባቢያችን ቡድኖች በሚያደርጉት ውድድር ለዋንጫ አለፍን፤ ያለፍነው ግን አራት ለሦስት ነው። ሦስቱም የገቡት እኔ ላይ ነው። አንዷ በአናቴ ላይ አለፈች፤ ትከሻዬ የምፈልገውን ያህል አልተነሣም። አንዷ በእግሮቼ መካከል ሾለከች። ሦስተኛዋን አላወራትም። ጨዋታው ሲያልቅ ልጆቹ ከበቡኝ። «ጋሼ፣ ፀሐይዋ ናት።» «ነፋሱ አጠመማት እኮ።» «እሷን ማንም አይዛትም።» እኔም «አዎ፣ ነፋስ ነበር» አልኩ። ቅጠል አይነቃነቅም ነበር።

አርጀንቲናዊው ሁላችንንም ሰበሰበ። ጣቱን ወደ ሜስኪቱ ልጅ ቀሰረ። «ለዋንጫው በረኛው እሱ ነው» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ «አንተ ጨርሰሃል።»

ሁለት ቃል ናቸው። እንግሊዝኛ አይሰማም የተባለውም ሁሉ ሰማቸው። ለሌላው ሁሉ ንግግሩን እያለሰለስኩ የኖርኩት ሰውዬ የእኔ ተራ ሲደርስ የሚያለሰልስልኝ አጣሁ። ልጆቹ ሁሉ ጫማቸውን ያያሉ። ሆድ ባሰኝ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቱ መጣ። «ኦኬ» አልኩ። መረቦቹን ፈታሁ፣ ኳሶቹን ሰበሰብኩ፣ ኮኖቹን ሳይቀር ለቀምኩ፣ ሁሉንም መኪናዬ ውስጥ ጭኜ ወደ ቤቴ ነዳሁ።

በሚቀጥለው እሁድ አልሄድኩም። እንደሰማሁት ልጆቹ በአንዲት ያረጀች ኳስ፣ መረብ በሌለው ጎል ተለማመዱ። ጎል ሲገባ ኳሷን ከመኪና ማቆሚያው ድረስ እየሮጡ ነው የሚያመጧት። አንዱ ደውሎልኝ «ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? ዝም ብዬ ኮል ላድርግልዎ ብዬ ነው» አለና ስለ መረብ አንዲት ቃል ሳያነሣ ዘጋው። ባለቤቴ መኪናውን ስትከፍት ኳሶቹ ተንከባልለው ወጡባት። «አንተ ሰውዬ፣ የሰው ሜዳ ሰርቀህ ነው እንዴ የመጣኸው?» አለችኝ። ኳሶቹን አንድ በአንድ ለቅሜ መልሼ ጫንኳቸው።

ዋንጫው ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከውጪ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማን። ከፈትኩ። ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ፊት ለፊት ሁላችንም አባባ የምንላቸው የሰበካ ጉባኤው ሽማግሌ፤ ከጎናቸው በርበሬና ሽሮ የምንገዛበት ሱቅ ባለቤት፤ ከኋላቸው ከሁለቱም በጭንቅላት የሚበልጥ፣ ሱፍ ለብሶ ክራባት አስሮ፣ በላዩ ነጠላ የደረበ አርጀንቲናዊ። ነጠላው ክርኑ ድረስ ብቻ ነው የደረሰለት። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አፏን በእጇ ጭና ተመለሰች።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ልጆቹ የእኛን ልማድ ነግረውታል፤ አበሻ ሲያኮርፍ ሽማግሌ ይላክበታል። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው የመጣው። ደስ አለኝ፤ ልዋሽ አልችልም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እንዴት እንደምግደረደር፣ የቱ ላይ ይቅር እንደምለው በሆዴ አሰናዳሁ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«ለመቀመጥ አልመጣንም ልጄ» አሉ አባባ። «ጉዳይ ይዘን ነው። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም።»

ወጉ ነው። ሽማግሌ ይቆማል፤ ባለቤቱ እሺ እስኪል አይቀመጥም። አባባ ጀመሩ። ቤቱን መረቁ፤ ልጆቻችንን መረቁ። ስለ ፍቅር፣ ስለ ስደት፣ ስለ አንድነት ተናገሩ። የሱቁ ባለቤት ቀጠለና የአውራ ጎዳናው መጨናነቅ እንዴት እንደበዛ፣ ሰው ሁሉ እንዴት ትዕግሥት እንዳጣ ዘረዘረ። ጉዳዩን ማንም አላነሣም። እኔም ግንባሬን ቋጥሬ ሶፋው ላይ ተቀምጫለሁ። ትንሽ ይቁሙ አልኩ በልቤ። ይቅርታ ሲጣፍጥ ቀስ ተብሎ ነው የሚበላው።

አርጀንቲናዊው ግን መሬት መሬት እያየ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራል። ሃያ አራት ዓመት የተወረወረ ጉልበት ምን እንደሚመስል በረኛ ያውቃል። ቀኝ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ባለቤቴ ይህን ጊዜ ከወጥ ቤት ወጣች።

«አንተ፣ ነፍስ የለህም? የሰውዬው ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አይታይህም? እዚሁ ሊወድቅብን ነው!»

«እሺ!» አልኩ ብድግ ብዬ። የእኔም ጉልበት አብሮት ታሞ ነበር። «እሺ ብያለሁ አባባ! የመጣችሁበት ጉዳይ ሁሉ ተፈጽሟል። ተቀመጡልኝ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልን!» አሉ ሁለቱ ባንድ አፍ፤ ተቀመጡ። አርጀንቲናዊው እየቃሰተ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ስለ ጎሉ አመሰግናለሁ» አለ።

«የምን ጎል?»

«ለልጁ የሰጠኸው። ሊለምኑህ የመጡት እሱን ነው።»

አባባን አየኋቸው። አባባ የነጠላቸውን ጥለት ማየት ያዙ። «ይቅርታው ይቅርታ ነው ልጄ» አሉ። «ዋናው ጉዳይ ግን...» ዋናው ጉዳይ እስኪነገር መጠበቅ ነበረብኝ። ማንም ሰው፣ ሴት ልጁን ሲጠየቅ እንኳ፣ ለማን እንደሚድራት ሳይሰማ እሺ አይልም። እኔ ግን ይቅርታ ነው ብዬ በኩራት አፌን ከፈትኩ፤ በሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል ደግሞ አይመለስም። ጎሌን፣ እሁዴን፣ በገዛ ምላሴ ሰጠሁ።

ልቆጣ አሰብኩ፤ በማን ላይ እንደምቆጣ አጣሁ። ከወጥ ቤት የባለቤቴ ሳቅ መጣ። መጀመሪያ ልትደብቀው ሞከረች፤ አልቻለችም። የሱቁ ባለቤት ተከተላት፣ አባባም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይርገበገብ ጀመር። መጨረሻ ላይ እኔም አመለጠኝ። አርጀንቲናዊው ብቻ አልሳቀም።

«ቼ፣ ያቆምኩበትን ቀን ትጠይቀኝ ነበር» አለኝ።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ክለቡ ላለመውረድ የመጨረሻው ጨዋታ ላይ እኩል ለእኩል መውጣት ብቻ ይበቃዋል። ትከሻው መነሣት ካቆመ ወራት አልፈዋል፤ እሱ ያውቃል፣ ጓደኞቹ ያውቃሉ፣ አሰልጣኙም ያውቃል። ማንም አልነገረውም፤ ይወዱታላ። አሥር ደቂቃ ሲቀር አንዲት ቀላል ኳስ በአናቱ አለፈች፤ ክለቡ ወረደ። ሁሉም አቀፉት። ፀሐይ ናት አሉት። አባቱ ሳይቀር ፀሐይ ናት አለው። «የዚያን ቀን ሰማዩ ደመና ነበር» አለኝ። «አሰልጣኝ የሆንኩት ለዚህ ነው። የሚወድህ ሰው ሊነግርህ ይገባል። አንተን ልጆቹ ሁሉ ይወዱሃል፤ ስለዚህ እኔ ነገርኩህ። ብትጠላኝም ነገርኩህ።»

ከዚያ ሌላውን ልመናውን አመጣ። «ብቻዬን ነኝ። ስጮህ 'ኦኬ ኮች' ይሉኛል፤ የፈለጉትን ይሠራሉ። ሜዳውን ሁሉ ከፊቱ አድርጎ ያየ ሰው እፈልጋለሁ። ከጎኔ ቁምልኝ።» አልቅሼ ነበር፤ ከባለቤቴ በቀር ያየኝ ያለ አይመስለኝም። አባባ ባለቤቴ ያቀረበችውን ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እ... ልጄ፣ መረቦቹስ?» አሉ። መኪናዬን ከፍቼ ሁሉንም አወጣሁ።

የዋንጫው እሁድ የቴክሳስ ፀሐይ አናት ይበሳ ነበር። ተጋጣሚዎቻችን ከፎርት ዎርዝ በሦስት ቫን መጡ። ሜዳው ዳር ድንኳን፣ ጃንጥላ፣ ሕፃናት፣ እናቶች፤ ግማሹ ዳላስ የመጣ መሰለኝ። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስመሩ ውጪ ቆምኩ። እጄን የት እንደማደርገው አላወቅሁም። ጓንቴን ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ፤ ለምን እንደያዝኩት አትጠይቁኝ። ውሃም አስነክቼዋለሁ።

ገና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዲት ለስላሳ ኳስ ወደ ሜስኪቱ ልጅ መጣች። ያዛት፤ ከእጁ ሾለከች፤ በእግሮቹ መካከል ተንከባልላ ገባች። የፎርት ዎርዝ ሰዎች ጨፈሩ። የእኛዎቹ ሁሉ ዞረው ያዩት እሱን ሳይሆን እኔን ነው። አምበላችን ሮጦ መጣ።

«ጋሼ... ሶ፣ ማለቴ፣ ልጁ ፈርቷል። ይልበሱ በቃ።»

አርጀንቲናዊውን አየሁት። ትከሻውን ነቀነቀ። «አንዴ ለምኜሃለሁ። ሁለተኛ አልለምንህም። አንተ ወስን።»

ፈለግሁ። እግዜር ያውቃል እንዴት እንደፈለግሁ። እጄ ቦርሳው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሰው ሁሉ አይቷል፤ ልጁ አልቻለም፤ የሚወቅሰኝ የለም፤ ሽማግሌዎቹም ራሳቸው እዚያው ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ግባ በሚል ዓይን ያዩኛል። ወደ ጎሉ ቀና ስል ልጁም እያየኝ ነው። ማንም ሳያዘው የቀኝ ጓንቱን ማሰሪያ ፈትቶ ግራውን ጀምሯል። ሊለቅልኝ ነው። ስምንት ወር ግራ ተከላካይ የሆነው ልጅ ዕድሜውን ሁሉ ግራ ተከላካይ ሊሆንልኝ ዝግጁ ነው።

«እሰረው!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ለራሴም አስደነገጠኝ። «ጓንትህን እሰር! ማን ውጣ አለህ? ጎሉ ያንተ ነው!»

ቦርሳውን ጥዬ ሜዳውን ዞርኩና ከመረቡ ኋላ ሄጄ ቆምኩ። «ፀሐይዋ በዚህ በኩል ዓይን ትመታለች፤ ኮፍያዬን እንካ» አልኩት። «ደግሞ ያዳለጠህ ላብ ነው፤ ጓንትህን አርጥብ።» የውሃ ጠርሙሴን በመረቡ ቀዳዳ አቀበልኩት። «ሌላ ምንም የለብህም።» እሱ ኮፍያዬን አደረገ፤ ትንሽ ሰፋው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ምላሴ አላረፈም። ማን ነፃ እንደቆመ፣ ማን እንደደከመ፣ ማን ሊሮጥ እንዳሰበ ከኋላ ሆኜ እነግረዋለሁ፤ እሱ ለተከላካዮቹ ይጮህላቸዋል። ከእረፍት በፊት አቻ ሆንን። ከእረፍት በኋላ ያ ፍሪጅ ተሸክሞ የሚሮጠው ተከላካያችን ከማዕዘን ምት በጭንቅላቱ አገባ፤ በደስታ ሮጦ ሮጦ የሚቆምበት ጠፋው።

መጨረሻው ሲቃረብ ከፎርት ዎርዝ አንዱ ከአሥር ሜትር በጭንቅላቱ ገጨ። ኳሷ ወደ ላይኛው የቀኝ ጥግ ሄደች። ገባች ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ስል ልጁ ተነሣ። እንዴት እንደተነሣ አላውቅም፤ ከመሬት ተነሥቶ አየር ላይ አንድ ጊዜ ጨመረ። የጣቱ ጫፍ ነካት፤ አግዳሚውን መታች፤ ወጣች። እኔ ጮህኩ፤ ምን ብዬ እንደሆነ አላስታውስም። አርጀንቲናዊው በዚያ ጉልበቱ ሜዳውን ዞሮ ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ፤ ተያይዘን መሬት ላይ ወደቅን። ጨዋታው ሁለት ለአንድ ሲያልቅም ገና እዚያው ነበርን።

ልጆቹ የሜስኪቱን ልጅ ተሸክመው ወደ እኔ አመጡት። ከትከሻቸው ወርዶ ኮፍያዬን በሁለት እጁ አስረከበኝ። አንገቱን ደፋ አደረገ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ እኮ ይይዟት ነበር። እኔ ገፋኋት እንጂ አልያዝኳትም።»

ዙሪያችን ያሉት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው፣ ጋሼ ቢሆኑ...» አለ አንዱ።

«አልይዛትም» አልኩ። «አልደርስባትም ነበር። በሃያ አምስት ዓመቴም አልደርስባትም።»

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ፊቱ በሙሉ ሳቅ ሆነ። ሸክም የወረደልኝ ያህል ቀለል አለኝ፤ ደግሜ ልለው ፈለግሁ።

አርጀንቲናዊው ክንዴን ጎተተኝ። «ምን አልከው?»

ምንም ሳላለሰልስ ተረጎምኩለት። አግዳሚው ላይ ኳሷ የመታችበትን ቦታ ቆሞ ተመለከተ።

«ቼ» አለ በመጨረሻ፣ «እኔም አልደርስባትም ነበር።»